የአንድ ሰው ሳህን

የካቲት 14፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ወለሉ ሁሉ አረፋ። ሠራተኛችን ብርቄ በመጥረጊያ ወደ ደጅ ትገፋዋለች፣ ተመልሶ ይመጣል። ጌታሁን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ማኪናውን ያዳምጣል፤ እኔ ሆስፒታል ውስጥ የእርጉዝ ሆድ እንደማዳምጠው ጆሮውን ለጥፎ። የፈረንጁ ሳሙና አልቋል። የልብስ ሳሙና ፈቅፍቆ ጨመረበት። ተው ብዬው ነበር። ማን ሰምቶኝ! ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም።

ደብተሬ፣ ስለዚህ ማኪና ገና አልነገርኩሽም። ሆ/ላችን ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ሳህን ያጥባል። ሆዱ ውስጥ ሳህን ትደረድሪለታለሽ፤ ጌ. ከግቢው ቧንቧ በመስኮት በሳበው ጎማ ውሃውን ይጠጣል፤ ከዚያ እንደ ወፍጮ እያጓራ ይሽከረከራል። ሳህኑ ሳይለቀለቅ ከገባ የእንጀራ ፍርፋሪ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ብርቄ አስቀድማ ታለቀልቃለች። ሲወጣ ደግሞ የሽሮው ጠርዝ እንደ ደረቀ ነው፤ እንደገና በቃጫ ትፈትገዋለች። ታዲያ ማኪናው ምኑን አጠበ? ጌ. ጊዜ ይቆጥባል ይላል። የማንን ጊዜ? እሱ ዕድሜውን ሲኒ አለቅልቆ አያውቅ።

እጅ ይሻላል። አመድና ቃጫ፣ ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ሆኖም ማኪናው ይሥራ ብዬ የሙጥኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ካንቺ በቀር የምነግረው የለኝም።

ከማድ ቤታችን ቀጥሎ ባለችው ዕቃ ቤት ታናሽ ወንድሜ ተደብቋል። ስሙን አልጽፍም፤ ታናሹ ልበለው። አብረውት ይማሩ የነበሩት ተይዘዋል። የአንደኛውን ሬሳ እናቱ መንገድ ዳር አይታ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ታናሹም ከተገኘ መጨረሻው ያው ነው፤ የእኛም ጭምር።

እና የሳህን ነገር። እኛ እንደማንኛውም ቤት ከአንድ ትሪ ነው የምንበላ። ታናሹ ግን ድንገት ሰው ቢገባ ብለን ለብቻው፣ በሳህን። ግቢው ውስጥ ለአራት ቤት አንድ ቧንቧ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ባንቺ፣ ብርቄ ስታጥብ ሳህኑን አየችና እናንተ ቤት ማነው ለብቻው የሚበላ፣ ተኳርፈዋል እንዴ ብላ ጠየቀች። ክፋት አይደለም፤ ሴትዮዋ ክፋት አታውቅም፣ አፏ ግን ክዳን የለውም። ብርቄ ጋሼን ሆዱን አሞት ነው አለች። እኔ ሳህኑን ቤት ውስጥ በሳፋ እጠቢው አልኳት። ሁለቴ ረስታ ይዛው ወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያደፈውን ሁሉ በአንድ ሳፋ ሰብስባ ወደ ውሃ መውረድ ነው የለመደች፤ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል። ሁሉንም ቤት ውስጥ እናጥብ ብንል ደግሞ ቧንቧ ደጃቸው እያለ ምን ነካቸው ይባላል። ማኪና ያለው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ ቢያጥብ ማን ይገረማል?

ስለዚህ አረፋውን እንጠርጋለን።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

ብርቄ አኩርፋለች። ከዳባት ከመጣች ወዲህ የምታውቀው ከተማ ያ ቧንቧ ነው። ጓደኞቿ እዚያ፣ ወሬው እዚያ። አሁን ከማኪና ጋር ታስሬ ቀረሁ ትላለች። እውነቷን ነው።

ታናሹ በበሩ ስንጥቅ ስለ ማኪናው ንግግር ያደርግልናል። ሴትን ከማድ ቤት ባርነት የሚያወጣ መሣሪያ ነው አሉ። የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ! ብርቄ ነፃ ካወጣኝስ ለምን ሁለቴ አጥባለሁ አለችው። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ማታ የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሞተሩ አይጠፋም፣ አይሄድም። ጌ. እጄን ያዘኝ። በኋላ ሄዱ። ሲጋራ ሊለኩሱ ነው መሰል የቆሙት።

የካቲት 19፣ እሑድ

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማኪናውን ማሠራት የጀመርኩት ከሰው ዓይን ለመሸሽ ነው፤ እሱ ሰውን እየጠራ ያመጣብኝ ጀመር። ሲያጓራ እስከ መንገድ ይሰማል። ጎማው በመስኮት ሲገባ ልጆች ተከትለው ይንጠለጠላሉ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ባንቺ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች፣ እስቲ ሲያጥብ እንየው ብላ። ማድ ቤቴ ውስጥ፣ ከዕቃ ቤቱ በር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ማኪናው ሲንቀጠቀጥ እያዩ አማተቡ። እኔ ታናሹ ከበሩ ጀርባ እንዳያስነጥስ አምላኬን እለምናለሁ። የበርበሬ ጆንያው እዚያው ነው።

ሲከፈት እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። እትዬ ባንቺ ውሃውን የሚያሞቀው ማን ነው አለች። እሱ ራሱ አልኳት። በቃ። ዓይኗ በራ።

የካቲት 23፣ ሐሙስ

የእትዬ ባንቺ ዓይን ለምን እንደ በራ ዛሬ ገባኝ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። የቅበላው ቅቤና ሥጋ ከየድስቱ ተፍቆ መውጣት አለበት። እሷ ደግሞ የእኔ ማኪና በፈላ ውሃ ቅባት ያወጣል ብላ ለሰፈሩ አውጃለች። ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ሊመጡ ነው።

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ለጾም ዕቃ ማጥሪያ እምቢ ያለች ጎረቤት! ለዓመት ትወራለች፤ ጥበቃዎቹም ይሰማሉ። እሺ፣ ደስ ይለኛል አልኩ።

ጌ. ይበላሽ፣ ሽቦውን ልቁረጠው አለ። ከቆረጥከው ሊጠግን የሚመጣ ሰው ይበዛል አልኩት። በዚህ ሰፈር ሁሉም መካኒክ ነው።

የካቲት 27፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት ተቀበልኩ። የሴቷ እናት አንቺም ይድረስሽ ብላ መረቀችኝ። ሁሉም ይመርቁኛል። ካገባሁ ጀምሮ ይህን ምርቃት አሜን ስል፣ አሜን ስል፣ አሁን አፌ ብቻ ነው የሚለው።

እንቅልፍ የለም። ሴቶቹ በሩ ላይ ናቸው። ድስታቸው ይንኳኳል። ታናሹን ትንፍሽ እንዳትል ብዬዋለሁ።

በዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ማድ ቤቱ በሴት ተሞላ። ድስት፣ ጭልፋ፣ ብረት ምጣድ፣ ሳህን። እትዬ ባንቺ የማኪናውን በር ራሷ ከፈተችው። ውስጡ አንድ ሳህን። ዳርና ዳሩ ላይ ሽሮ፣ ያልደረቀ። ከጎኑ አንድ ብርጭቆ።

ታናሹ ቁርስ በልቷል። ጾም የአሮጊት ነገር ነው ይላል። ብርቄ ደግሞ እጇ ለማኪናው ለምዶ፣ ሳህኑን እዚያው ወርውራዋለች። ተለማመጂ ብዬ የጨቀጨቅኳት እኔ!

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያዋ ሰኞ ጠዋት ናት። ጌ. ሥራ ነው፤ ያውም እሱ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንደማይቀምስ ሰፈሩ ያውቃል። ብርቄ በጾሙ ከንፈሯ ደርቆ ቆማለች። ሕፃን የሌለበት ቤት።

“ምነው እታለም፣” አለች እትዬ ባንቺ፣ “በዛሬዋ ቀን ማን ቀመሰ?”

እኔ ነኝ አልኩ።

ሁሉም አዩኝ። ሌላ ነገር ማለት ይቻል ነበር፤ መድኃኒት ልውጥ ብዬ ነው ብል ያምኑኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። “ይዣለሁ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ባዶ ሆዴን መቆም አቃተኝ” ብዬ ቁጭ አልኩ።

እትዬ ባንቺ ድስቷን ለቀቀችው። እልልታው ግድግዳውን ነቀነቀው። አንገቴን አቅፋ ትስመኛለች፣ ታለቅሳለች። “ሸጋ ነገር ይዘሽ ትደብቂን! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ አላልኩሽም? አላልኩሽም?” ትላለች። ብላኝ ነበር። ስንት ጊዜ። ሌሎቹም በየተራ ትከሻዬን ሳሙ። በርጩማ አመጡልኝ። ከዚያ በኋላ ማንኪያ እንኳ አላስነኩኝም።

ማኪናው ድስቶቹን ዋጠ፣ አጓራ፣ ተፋቸው። አንደኛዋ ሴት አሸተተችና ቅቤው እንዳለ ነው አለች። ሁሉም አሸተቱ፤ እንዳለ ነው። ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ቧንቧው፣ ወደ አመዳቸው ሄዱ። ከእጅ የሚበልጥ ማኪና የለም ተብሎ ተፈረደ፤ እኔን ግን ብርድ እንዳይመታሽ ብለው በሩን ዘጉልኝ።

ማኪናውን ገፋ አድርጌ የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት ታናሹ ጉልበቱን አቅፎ ያለቅሳል። ሁሉንም ሰምቷል። እቴ፣ ይቅር በይኝ፣ ከእንግዲህ እኔም እጾማለሁ አለ። ልቆጣው ነበር የከፈትኩት። አልቻልኩም።

የካቲት 28፣ ማክሰኞ

ትናንት ያልጻፍኩት አለ።

ጌ. ሳይመጣ በፊት መንገድ ላይ ወጥቼ ልነግረው አስቤ ነበር። የእትዬ ባንቺ ባል ቀደመኝ። ጌ. በር ላይ ሲደርስ ኮፍያው በእጁ ነው፤ በሌላው እጁ በወረቀት የተጠቀለለ ብርቱካን። ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፤ በዚህ ሰሞን ብርቱካን የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቷል። ፊቱ… እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር። ያረጀ ሰው መስሎኝ ነበር ባሌ። ሌላ ሰው ነው የገባው።

የምታዋልድ ሴት ነኝ። ለስንቱ አባት ወንድ ነው፣ ሴት ናት ብዬአለሁ። ልጁ ሞቷል ብዬም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ግን ተናግሬ አላውቅም። የታናሹን ሳህን አይተውብኝ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው አልኩት።

ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንዷ ተንከባላ ወደቀች፤ አንስቶ ጠርጎ መለሳት። ደግ አደረግሽ አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ያን ሳህን ከማኪናው ውስጥ አወጣ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ አለና ያጥበው ጀመር። ብርቄ ልቀበልህ ብትለው እምቢ አላት። አያያዙን አያውቅበትም፤ ውሃው ደረቱ ድረስ ረጨው። የጠራውን ሳህን መልሶ መልሶ ያጥበዋል።

የካቲት 30፣ ሐሙስ

ውሸቱ ሠራ። ከማኪናው የበለጠ። አሁን የብቻ ሳህን በጠራራ ፀሐይ ቧንቧው ሥር ይታጠባል፤ እመቤቴ ቶሎ ቶሎ ነው የሚርባት ትላለች ብርቄ፣ ሁሉም ይስቃል። ቧንቧዋ ተመልሳላት ደስ ብሏታል። እትዬ ባንቺ ተልባ ታመጣለች። ሌላዋ የሱፍ ፍትፍት። ለሆድሽ፣ ለሆድሽ። ታናሹ ለሽሉ የመጣውን በዘጠኝ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔም ከፊታቸው እቀምሳለሁ። ጾሜን በውሸት እየሻርኩ ነው፤ ለነፍስ አባቴ ምን እንደምል አላውቅም።

ትናንት ማታ አልጋ ላይ እጄን ሆዴ ላይ አግኝቼው ደነገጥኩ። ማን አስቀመጠው?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ መጣ። በትህትና። ይህ ዕቃ ማጠቢያ የግለሰብ መቀናጫ መሆን የለበትም፣ ለጥበቃ ጓዶች ማድ ቤት እንዲሆን ተወስኗል፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች መጥተው ያነሱታል አለ። በደስታ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ማኪናው ገደል ይግባ። ግን ማኪናው የቆመው የዕቃ ቤቱን በር ተደግፎ ነው። ሲነሳ በሩ ይገለጣል። መሣሪያ የያዘ ወንድ የተገለጠ በር አይቶ ሳይከፍት አይሄድም።

ዛሬ ሌሊት ማኪናውን ፈቀቅ አድርገን በሩን በሌላ ዕቃ እንሸፍነው አለ ጌ.። ግድግዳው ላይ የውሃ መልክ አውጥቷል፤ የት እንደ ቆመ ያሳያል። ታናሹ ከቅዳሜ በፊት መውጣት አለበት።

መጋቢት 1፣ ዓርብ

አያ ደሴ ዛሬ ተገኙልኝ። የእናታችን አጎት ልጅ ናቸው፤ ከሳንጃ ሰሊጥ ያመላልሳሉ። ነገ ንጋት ላይ ባዶ መኪናቸው ወደዚያው ይመለሳል። አልለመንኳቸውም። ጉዳዩን ጀምሬ ሳልጨርስ፣ “በይ ተይው፣ ለብሶ ይጠብቀኝ” አሉ። ከሳንጃ ወዲያ ያለውን እሳቸው ያውቃሉ። እኔ እንዳላውቅ ይሻላል አሉ።

ማታ በሩን ቀርቅረን አራታችን ከአንድ ትሪ በላን። ታናሹ ከተደበቀ ጀምሮ የመጀመሪያችን ነው። ጣቱ ከጣቴ ጋር ተጋጨ። አጎረስኩት። ሦስቴ አጎረስኩት፤ ሦስተኛውን ሲቀበል ፊቱን አዞረ። ብርቄ ወጥ ልጨምር ብላ ተነሥታ ብዙ ቆየች።

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሄደ።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሰዎች ለኪዳን ሲወጡ ከብርቄ ጋር ወጣ። ነጭ ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ። እኔ በር ላይ አልቆምኩም። እትዬ ባንቺም ለኪዳን እየሄደች ነበረች። ብርቄ እንዳለችኝ፣ እንደምን አደሩ አባቴ ብላ አልፋቸዋለች። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አያ ደሴ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቁ ነበር።

ከቀትር በኋላ አራቱ መጡ። ማኪናውን ሲያነሱት አንዱ እግሩ ላይ ጣለው፣ ተሳደበ። የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱት። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ጀሪካን። ብርቄ ከጠዋት ጀምሮ ፈትጋዋለች፤ የሰው ሽታ የለውም። ጎማውን ልጠቅልልላቸው ጎንበስ ስል ኃላፊው ራሱ ሮጦ ተቀበለኝ። ጓዲት፣ አንቺ ምንም አታንሺ አለ። ወሬው ደርሶታል። ለአብዮቱ ጀግና ውለጂለት ብሎኝ ወጣ። አሜን አልኩ።

ማድ ቤቱ ሰፋ። ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው። ገብቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

አምስት ቀን መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ የአያ ደሴ ሹፌር ሆ/ል ድረስ መጣ፣ ጥርሱን የሚታይ መስሎ። ሰሊጡ በደህና ደርሷል፣ ሌላ ነጋዴ ተረክቦታል አለ። ይህን ብቻ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በጋውኔ አፍኜ አለቀስኩ። ሌላው ነጋዴ ማነው? ወዴት ይዞት ሄደ? አላውቅም። ግን በሕይወት ከሳንጃ አልፏል።

እንግዲህ ውሸቱ አያስፈልግም። ቢቆይም የሚብስ ነው። የጌ. እናት ዳባት ሆነው ሰምተዋል፤ ቅቤ ሰንቀው ማክሰኞ ይመጣሉ። ከእሳቸው ዓይን የሚሰወር ሆድ የለም። ከዚያ በፊት ጨንግፎብኛል ብዬ ለእትዬ ባንቺ መንገር አለብኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ለስንቷ ነግሬአለሁ፣ እጇን ይዤ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ይመጣል እያልኩ። እነሱም መጥተው እንዲሁ ይሉኛል። አልጋ ላይ ያስተኙኛል፣ አጥሚት ያፈሉልኛል፣ ዕቃዬን ሰብስበው ያጥቡልኛል። ለውሸት ሞት የእውነት ለቅሶ ይቀመጡልኛል። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

ለጌ. ነገ ጠዋት እነግራታለሁ አልኩት። ትሪውን እያጠበ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማታውን ዕቃ እሱ ነው የሚያጥበው፤ ብርቄ ማየቱን ለምዳዋለች። እጁ ትሪው ላይ ቆመ። ፊቱን አላዞረም።

“ምን አስቸኮለሽ?” አለ። “እናቴ የምትመጣ ማክሰኞ ነው። እስከ ሰኞ ይቆይ።”

ጌታሁን፣ የለም እኮ፣ የሚቆይ ነገር የለም ልለው ነበር። ያውቃል። ከእኔ በላይ ያውቃል። ብርቱካኖቹ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ሁለታችንም አልነካናቸውም። አሁን አንዷን ላጥኩ፣ ግማሹን ለእሱ ሰጠሁት። በእርጥብ እጁ ተቀበለኝ።

ሰኞ ጠዋት ለእትዬ ባንቺ እነግራታለሁ። እንባው አይቸግረኝም። እስከ ሰኞ ግን ነፍሰ ጡር ነኝ።